በአንድ ፊቱ የተጠመቀው የቁም ሳጥን በር

ርካሽ ዕቃ የሚያስፈራው ሲሰበር አይደለም፤ ሳይሰበር ሲቀር ነው። የተሰበረ ዕቃ ምድጃ ይገባል፣ ወጥ ያበስላል፣ ይረሳል። ያልተሰበረው ግን ቀስ እያለ ይጣመምና ቤት ውስጥ እንዳኮረፈ ዘመድ ፊቱን አዙሮ ይቀመጣል። ልጣለው ስትሉ ደህና ይመስላል፤ ልጠቀምበት ስትሉ እንቢ ይላል። ይህን የምለው ስለ ባሌ አይደለም፤ ስለ ቁም ሳጥን በር ነው። ባሌ ይህ ሲነበብ ስለሚሰሙ አስቀድሜ ማጥራቴ ነው።

ሌላም የማጠራው አለኝ... እኔ ፈሪ ነኝ። ፈሪ ነኝ ስል እንደ ሌላው ሰው ጅብና ሽፍታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ነጎድጓድ እፈራለሁ፤ ነጎድጓዱ ሲቆምም "ምን ሊያመጣ ነው ዝም ያለው?" ብዬ እፈራለሁ። የጤና ጣቢያውን ሰው መንገድ ላይ ካየሁ፣ መርፌ ባይዝም፣ ክንዴን ነጠላዬ ውስጥ እደብቃለሁ። ሚዛን ላይ ቆሜ አላውቅም። "ፈሪ ለእናቱ" ይላል ተረቱ። ፈሪዋ እናቲቱ ራሷ ስትሆን ልጁ ለማን እንደሚሆን ግን ተረቱ አይናገርም።

እንግዲህ በዚህ ልቤ ልጄን ልድር ተነሣሁ። ልጄ አይናዲስ ትባላለች። የታጨችው ለፍኖተ ሰላም ሰው ነው፤ አስተማሪ ነው፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሲቀመጥ እንኳ ወንበሩን ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል። እሱን አልፈራሁትም። የፈራሁት እናቱን ነው።

እናቱ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ይባላሉ። ከቡሬ እስከ ደንበጫ ስማቸውን የማያውቅ የለም። አንድ ጊዜ፣ ለዚሁ ልጃቸው፣ የታጨች ልጅ ቤት ሊያዩ ሄደው ደጃፉ ላይ የተኛው ውሻ ሳይጮህ ቢቀር "ለጌታው የማይጮህ ውሻ ያለበት ቤት ለልጄ አይሆንም" ብለው ከደጅ ተመለሱ እየተባለ ይወራል። ውሻው ኋላ ደንቆሮ ሆኖ ተገኘ፤ ልጅቱ ግን እስካሁን አላገባችም። ይህን ወሬ የነገረችኝ ጎረቤቴ ሽታዬ ናት። ነግራኝ ስትጨርስ "አንቺ ግን አትጨነቂ" አለችኝ። ሽታዬ አትጨነቂ ያለችኝ ቀን እንቅልፍ የለኝም።

አሁን ወደ ቁም ሳጥኑ ልምጣ። ባሌ አቶ አያሌው በርበሬ ጭነው አዲስ አበባ ይሄዳሉ። በሚያዝያ ሄደው ሲመለሱ ለልጃችን ጌጥ የሚሆን ዕቃ ይዘው መጡ። እኛ አገር ሳጥን ማለት የዋንዛ ሳጥን ነው፤ አናጢው ከርሞበት ይሠራዋል፣ ለማንሳት ደቦ ይጠራል፣ አንዴ ከተቀመጠ ቤቱ ቢፈርስ እሱ አይፈርስም። አቶ አያሌው ያመጡት ግን ሌላ ነው። ተፈታትቶ፣ ሳንቃ ሳንቃው በሸራ ተጠቅልሎ፣ በሲባጎ ታስሮ መጣ። "የከተማ ሰው ዕቃ ይህ ነው። ተፈትቶ ይጓዛል፣ ቤት ሲደርስ ይገጠማል" አሉኝ።

ሸራው ረጅም ነው፣ ጠባብ ነው፣ ከመኪናው አውርደው በትከሻ ተሸክመው ነው ያመጡት። ሽታዬ ከደጇ አየችና "የማን ነው?" ብላ ጠየቀች። ከተሸካሚዎቹ አንዱ "የአይናዲስ ነው" አላት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች ገባች። ውኃ የሰጠቻት አይናዲስ ራሷ ናት። ሽታዬ ጠጥታ ጨረሰችና "ካለሽማ ምነው ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ" ብላ ተቆጣቻት።

አቶ አያሌው ቁም ሳጥኑን በካራ ጫፍ ብሎን እያጠበቁ ገጠሙት። ሲጨርሱ አንድ ብሎን ተረፈ። ምንድን ነው ብላቸው "ምራቂ ነው" አሉ። እኔ ምራቂ የማውቀው ለሽንኩርት ነው። ብሎኑን ጨው ማስቀመጫዬ አጠገብ አኖርኩት፣ አንድ ቀን የሚጠየቅ ይመስለኝ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ሲያዩት ያምራል። በሩ ፊቱን ቫርኒሽ ጠጥቶ የመስከረም ማር መስሏል። ስከፍተው ግን ጀርባው ምንም ያልነካው ነው፤ ነጭ፣ ሻካራ፣ ጾመኛ መሳይ። ሳንቃውም ሳንቃ አይባል፤ ስስ ስስ እንጨት በኮላ የተለጣጠፈ ኮምፔንሳቶ ነው።

"አንቱ፣ ውስጡን ሳይቀቡት ሸጡልዎ?" አልኳቸው።

"ውስጡን ማን ያየዋል?" አሉኝ።

ይህን መልስ እንዳትረሱብኝ።

በውስጡ የመጀመሪያውን ልብስ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። የባሌ እናት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለልጅ ልጃቸው ለመልሷ ቀን እንድትለብሰው ብለው የተውት ጥልፍ ቀሚስ ነበረ። ሰቀልኩት፣ በሩን ዘጋሁ፣ ቀጥ ብሎ ተዘጋ። ግንቦትም ሰኔም ዝም ብሎ ከረመ።

ሐምሌ ገባ። የቡሬን ሐምሌ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጭሱ ከጣሪያ አይወጣም፣ ጨው ያለቅሳል፣ ጫማ ይሻግታል። አንድ ጠዋት ዳዊት ስናነብ (ባሌ ያነባሉ፣ እኔ ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ) ቁም ሳጥኑ "ቂጭ" አለ። ዞር ብል የበሩ የላይኛው ጠርዝ ጣት የሚያስገባ ያህል ወደ ውጭ ወጥቷል። ገፋሁት፣ ተዘጋ። ስለቀው ተመልሶ ወጣ። በክፍተቱ ውስጥ የአማቴ ቀሚስ ይታያል።

ነገሩ ገባኝ። ቢያንስ የገባኝ መሰለኝ። አማቴ በሕይወት ሳሉ ቤቴ ሲገቡ አንድ ቀን አንኳኩተው አያውቁም። ከሞቱ በኋላ ደግሞ ሳያንኳኩ መውጣት ጀመሩ።

ለባሌ ብነግራቸው "ነፋስ ነው" አሉ። ነፋስ ከሆነ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ለምን እሱን ብቻ መረጠ ብላቸው "ረጅም ስለሆነ" አሉ። ከዚህ ወዲያ ከእሳቸው ጋር አልተነጋገርኩበትም። ሰው በእናቱ ላይ አይመክርም።

ለነፍስ አባቴ ነገርኩ። በር ራሱን በራሱ እየከፈተ አስቸገረኝ፣ ልጄ ደግሞ ይህንኑ ይዛ ባሏ ቤት ልትገባ ነው፣ ምን ላድርግ አልኳቸው። ጢማቸውን ይዘው ብዙ ካሰቡ በኋላ "ለመሆኑ ክርስትና ተነሥቷል?" አሉኝ። እሳቸው አልሳቁም፣ እኔም አልሳቅኩም። "ጠበል ብረጨውስ?" አልኳቸው። "ቢረጩት ምን ይጎዳል?" አሉ።

ምን እንደሚጎዳ አሁን እናያለን።

ከማግስቱ ጀምሮ እህል ሳልቀምስ፣ ጠበሉን በቅል ይዤ፣ ከቁም ሳጥኑ ራቅ ብዬ ቆሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ በሩን መርጨት ጀመርኩ። ፊቱን ብቻ ነው። "ውስጡንስ?" ትሉኝ ይሆናል። ውስጡንማ እንዴት ብዬ... አንደኛ ለመክፈት እፈራለሁ። ሁለተኛ ደግሞ አማትን ፊት ለፊት ጠበል መርጨት ብልግና ነው። የኛ አገር ሰው አማቱን በቁሟም በሞቷም ያከብራል፤ ከውጭ ሆኖ ያስጠነቅቃታል እንጂ ዓይኗ ውስጥ አይረጭም።

በመጀመሪያ ነገሩ የሠራ መሰለኝ። ወጥቶ የነበረው ጠርዝ ቀስ በቀስ ገባ። ደስ አለኝና ጨመርኩ። "ላያዛልቅ ጸሎት ለቅስፈት" ይባላል፤ ከጀመርኩ አይቀር ማቋረጥም አስፈራኝ። ከዚያ በኋላ በሩ ሌላ ጠባይ አወጣ። ጠርዞቹ ወደ ውስጥ ተጫኑ፣ መሐሉ ወደ ውጭ ገፋ። ሆዱን ነፋ። የመቆለፊያው ምላስ ቀዳዳውን ማግኘት አቃተው። እኔም ያንገራገረው ቢብስበት ነው ብዬ ጠበሉን ጠዋትና ማታ አደረግሁት። "እንኳን ዘንቦብሽ እንዲሁም ጤዛ ነሽ" ማለት ለዚህ በር ነው።

ሽታዬ እሳት ልትጭር መጣችና ቁም ሳጥኑን ጎኑን ቆማ አየችው። ብዙ ጊዜ አየችው።

"ስንት ወሩ ነው?" አለችኝ።

እንደ ቀልድ ተናግራ ሄደች፤ እኔም በተራዬ ጎኑን ቆሜ አየሁት። ለካ እንደዚያም ይታያል። ሙሽራዋ ባል ቤት ሳትገባ ቁም ሳጥኗ አርግዞ ቆሟል። "የቸገረው እርጉዝ ያገባል" የሚለውን ተረት ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ደጄ ላይ ሆነው ሲተርቱት ታየኝ። ለማይጮህ ውሻ ከደጅ የተመለሱ ሴት ለሚያረግዝ በር ምን ሊያደርጉ ነው?

በዚህ መሐል መልእክት መጣ። ዝናቡ አባራ፣ መንገዱ ደረቀ፣ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ በቅዳሜ አውቶቡስ ለጥየቃ ይመጣሉ ተባለ። ቤቱን ሊያዩ ነው። ሠርጉ ለጥር ነው፤ ቤቱን አይተው ደስ ካላቸው ነው ለጥር የሚሆነው።

አቶ አያሌው አሁን ነገሩን በወንድ ደንብ ያዙት። የተረፈውን ብሎን ከጨው ማስቀመጫዬ አንስተው ማጠፊያው ላይ ሰኩት። በሩ ከመቆለፊያው በኩል ያለውን ጉድለት ሳይተው በማጠፊያው በኩልም ተከፈተ። ብሎኑን ነቅለው መለሱልኝ። ቀጥለው የበርበሬ ጆንያ አስደገፉበት። ጆንያው በሩን ያዘው፤ በርበሬው እኛን ያዘን። እንዲያ እያነጠስን አማች ልንቀበል አንችልም ብለን አነሳነው።

ቁም ሳጥኑን ሽታዬ ቤት እናስቀምጠው አልኩ። አቶ አያሌው አይሆንም አሉ፤ ልክ ነበሩ። ልጅቱ ቁም ሳጥን ይዛ እንደምትመጣ ፍኖተ ሰላም ሰምቷል፤ ከቤት ቢታጣ "ዋሽተውናል" ይባላል። ዋሾ ከመባል እርጉዝ መባል ሳይሻል አይቀርም። ስለዚህ በሦስት ነገር ተስማማን። አንደኛ፣ ቁም ሳጥኑን በእኔ መቀነት ወገቡን ዞሮ እንዲታሰር። ሁለተኛ፣ አይናዲስ እንግዳዋን ከሳመች በኋላ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆማ እንድትውል፤ የቆመች ልጅ ጨዋ ትባላለች እንጂ በር ይዛለች አትባልም። ሦስተኛ፣ ውሻችን ሳይበላ እንዲያድር። የተራበ ውሻ እንቅልፍ የለውም፣ ይጮሃል።

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" የሚለው ተረት ትዝ ያለኝ መቀነቱን አስሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ መጡ። ጥቁር ጃንጥላ፣ ጥበቡ ሰፊ ቀሚስ፣ አንገታቸው ቀና ያለ። ውሻው ጮኸ። ደስ አለን። ውሻው መጮኹን ቀጠለ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ከደጁ ራቅ ብለው ቆመው "ይያዝልኝ" አሉ፤ አቶ አያሌው ያዙት፣ እንግዳችን ገቡ፣ መደቡ ላይ በተነጠፈው የጥጃ ቁርበት ላይ ተቀመጡ። ልክ ከቁም ሳጥኑ ፊት ለፊት። ሌላ ቦታ ባሳያቸው ኖሮ... ግን ቤታችን አንድ መደብ ነው ያለው።

ስለ መንገድ ተጠየቀ፣ ስለ ጤና ተጠየቀ፣ ስለ በርበሬ ተጠየቀ። ዓይናቸው ግን ከቁም ሳጥኑ አይነሣም። አይናዲስ በሩን በጀርባዋ ደግፋ ቆማለች፤ ከኋላዋ እየገፋት ስለሆነ ቀስ በቀስ ወደፊት ታዘነብላለች። እንግዳዋን አክብራ ጎንበስ ያለች ትመስል ነበር። ልጄን በዚያች ሰዓት እንደወደድኳት ወድጃት አላውቅም።

"ቁም ሳጥኑ መቀነት ታጥቋል" አሉ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ።

"ብርድ ነው" አሉ አቶ አያሌው።

ውሻው ይጮሃል። ከዚያ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ እጃቸውን ዘረጉና አይናዲስን "ነይ እስቲ ልጄ፣ አጠገቤ ተቀመጪ" አሉ።

አሁን እናንተ ፍረዱ። ልጅቱ ብትሄድ በሩ ይከፈታል። ባትሄድ አማቷ ጠርተዋት እንቢ አለች። አይናዲስ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እኔ የማውቀውን ብቸኛ ነገር አደረግሁ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሷም እሺ ማለቴ መሰላትና ሄደች።

"ጧ!" አለ።

ዓይኔን ስገልጥ መቀነቱ መሬት ወድቋል፣ በሩ እስከ ግድግዳው ተከፍቷል፣ የአማቴ ቀሚስ እጅጌ ወደ ውጭ ወጥቶ ይወዛወዛል፣ እንግዳ ተቀባይ ይመስል። "በስመ አብ" ብዬ አቶ አያሌው ጀርባ ገባሁ። በቃ፣ አለቀ አልኩ በልቤ። ልጄ ከዚያች ከውሻው ቤት ልጅ ጋር አብራ ትቀራለች።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ተነሡ። ጃንጥላቸውን ያነሣሉ ስል ወደ በሩ ሄዱ። ቫርኒሹ ላይ ውኃው የወረደበት ሁሉ ነጭ መንገድ ሠርቶ ነበር፤ ያንን በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ተከተሉት። ጣታቸውን አሸተቱ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

"ከየት ነው የሚያስቀዱት?"

"ምኑን እሜቴ?"

"ጠበሉን።"

መልሴን ሳይጠብቁ ወደ ባሌ ዞረው "አቶ አያሌው፣ እስቲ ያን ውሻ ዝም ያሰኙልኝ። ልጄ፣ አንቺም አግዢያቸው" አሉ። ሁለቱ ወጡ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ በሩን ገፋ አደረጉና ጎኔ መጥተው ተቀመጡ፤ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ደከመው ሰው።

"የእኔውም እንዲህ ነው" አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ኖሯል። ልጃቸውም ለሚያገባበት ቤት እንዲሁ ተፈትቶ የሚገጠም ቁም ሳጥን ከአዲስ አበባ አስመጥቷል። እሱም ማር የመሰለ፣ ጀርባው ያልተቀባ። ክረምት ሲገባ በሩ መከፈት ጀመረ። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ በሕይወት ሳሉ የከፈቱትን በር ዘግተው የማያውቁ ሰው ነበሩ አሉኝ። የሟቹ ካፖርት ደግሞ የተሰቀለው እዚያ ውስጥ ነው።

"ምን አደረጉ ታዲያ?" አልኳቸው።

"ጠበል በማሰሮ አድርጌ ውስጡ አስቀመጥኩላቸው። ከግሽ ዓባይ አስመጥቼ። አፉን ሳልከድን።"

እኔ ከሰፈር ጠበል፣ ያውም ከሩቅ፣ ያውም ዓይኔን ጨፍኜ፤ እሳቸው ከግሽ ዓባይ፣ ያውም ደፍረው ውስጡ ድረስ። የፍኖተ ሰላም ሰው ሲፈራ እንኳ ይበልጠናል።

"ለቀቀዎት?"

"ባሰበት። መሐሉ ወደ ውስጥ ሰረጎደ፣ ጠርዙ ሁሉ ወደ ውጭ ወጣ።"

"የእኔው መሐሉ ነው የወጣው።"

ሁለታችንም በሩን አየነው። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገር ነገሩኝ። ቤታችንን ሊያዩ የመጡት በትዕቢት አልነበረም። ከጥየቃው በኋላ እኛ በተራችን ፍኖተ ሰላም ሄደን ቤታቸውን እንደምናይ ያውቃሉ። "የእናንተ በር ደህና ተዘግቶ ባገኘው ነገሩን ላፈርስ ነበር አመጣጤ። በሩ የሚዘጋ ቤት ያደገች ልጅ እኔ ቤት ብትመጣ ምን ትላለች? ሰው ምን ይላል? ከምዋረድ ሰበብ ፈልጌ መተው ይሻለኛል ብዬ ነበር" አሉ።

አንባቢዎቼ፣ አስቡት። ያን ክረምት ሙሉ በሩን ልዝጋ ስታገል የነበርኩት የልጄን ሠርግ ላፈርስ ኖሯል።

ልቤ ትንሽ ሲመለስ ደፈርኩና ስለ ውሻው ጠየቅኋቸው፤ ያ ያልጮኸው። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ሳይጮህ የሚነክስ እሱ ነው ብዬ ፈርቼ ከደጅ ተመለስኩ። የቀረውን ሰው ሞላው" አሉ።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ፈሪዎች እንደ ሁለት ዳኞች ጉዳዩን መመርመር ያዝን። እኔ ውጩን ረጨሁ፣ ወደ ውጭ ነፋ። እሳቸው ውስጡን አራሱ፣ ወደ ውስጥ ነፋ። አማቴና ባላቸው ተማክረው እንዲህ ሊያደርጉ አይችሉም፤ በሕይወት ሳሉ አይተዋወቁም። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ እያሰቡ እጃቸው የተቀመጡበትን ቁርበት ይነካካ ነበር። ድንገት እጃቸው ቆመ።

"ቁርበት ሲያለፉ አንዱን ፊቱን ብቻ ቢያርሱት ምን ይሆናል?"

"ወደራሰው ሆዱን ይነፋል" አልኩ። ይህን ማን ያጣዋል? ቁርበት በችካል ወጥረን የምናሰጣው ለዚሁ አይደል። የራሰው ፊት ይሰፋል፣ የደረቀው ባለበት ይቀራል፤ ሁለቱ ደግሞ አንድ ገላ ናቸው፣ መለያየት አይችሉም። ሁለት እህትማማች አንድ መቀነት አብረው ታጥቀው አንዷ ብትወፍር ሌላዋ መጉበጧ አይቀርም። በሩም ያው ነው። ጠበሉ ምን አጠፋ? ጠበሉማ የነካውን አሳደገ።

"ታዲያ ከጠበሉ በፊትስ ምን ከፈተው?" አልኩ። እኔ እንደሆንኩ የፈራሁትን በቀላሉ አልለቅም።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ በሩን ገለጥ አድርገው ያልተቀባውን ጀርባውን አሳዩኝ። ፊቱ ቫርኒሽ ለብሷል፣ ጠበሉ በየዕለቱ እያጠበ እስኪልጠው ድረስ እርጥበት አይገባበትም ነበር። ጀርባው ግን ራቁቱን ነው፤ የክረምቱን እርጥበት ሁሉ የጠጣው በዚያ በኩል ነው። ወፍራም የዋንዛ ሳንቃ ቢሆን መዝነቡን ሳይሰማ መስቀል ይደርስ ነበር፤ ይህ ስስ ግን ደመና ሲያይ ይራሳል። ባሌ "ውስጡን ማን ያየዋል?" ብለው አልነበር? ክረምት አየዋ!

ከዚህ ሁሉ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። በሩ መጀመሪያ ጠርዙ ወደ ውጭ ነበር፤ ስረጨው ስረጨው መሐሉ ወደ ውጭ ሆነ። ከዚያኛው ወደዚህኛው ሲሻገር መካከል ላይ ልክ ቀጥ ያለበት አንድ ጠዋት ነበረ ማለት ነው። በዚያ ጠዋት ብተወው ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምረጨው።

የቀረውን በአጭሩ ልንገራችሁ። በሩ ከማጠፊያው ተፈትቶ፣ ከጥላ በታች በጠፍጣፋ ድንጋይ ተጭኖ፣ በሁለቱም ፊቱ እኩል እየተገላበጠ ደረቀ። ከዚያ ሰም አቅልጠን ፊቱንም ጀርባውንም ቀባነው፤ አገራችን ማር አይጠፋ ሰም አይጠፋ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽም ማሰሮውን አውጥተው የራሳቸውን እንዲሁ አደረጉ። ቀጥ ብሎ ይዘጋል ብዬ አልምልም። ገፋ ሲሉት ግን እሺ ይላል። ከዚህ በላይ ከባል እንኳ አይጠበቅም።

ጥር ደረሰ፣ ሠርጉም ደረሰ። በእኛ ወገን ያሉ ሽማግሌ ተነሥተው ሙሽሮቹን መርቀው ሲጨርሱ ሰው "አሜን" ብሎ ሊነሣ ሲል እኔ፣ ሰው ፊት ተናግሬ የማላውቀው፣ "ከሙሽራው ወገንም አንድ ሰው ይመርቅልኝ" አልኩ።

"የእኔ ምርቃት አልበቃም?" አሉ ሽማግሌው፣ ትንሽ ከፍቷቸው።

"በአንድ ወገን ብቻ የተረጨ ነገር ይጎብጣል" አልኳቸው።

ሽማግሌው ቅኔ ቤት የከረሙ ናቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ብዙ አሰቡበት፤ ሰሙን አገኘሁት፣ ወርቁ ግን ጠለቀብኝ አሉ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ከማዶ ሆነው "ወርቁን እኛም አላገኘነው አባቴ፤ ሰሙ ግን በሩ ላይ ነው" አሏቸው። ሽማግሌው ይህን ደግሞ እስካሁን እያሰቡበት ነው አሉ። ብቻ ከዚያም ወገን ተመረቀ፣ አይናዲስም ቀጥ ብላ ሄደች።

ቁም ሳጥኑ አብሯት ፍኖተ ሰላም ገባ። የተረፈው ብሎን ከእኔ ጋር ቀርቷል፤ አሁንም ጨው ማስቀመጫዬ አጠገብ ነው፣ አሁንም ሳየው ይጨንቀኛል። አይናዲስ በመጀመሪያው ክረምት ልትጠይቀን መጣች። ጤናዋን ሳልጠይቅ በሩን ጠየቅኋት።

"ይዘጋል እማ" አለችኝ።

"አማትሽስ እንዴት ናቸው?"

ሳቀች። "ደህና ናቸው። ሳያንኳኩ ይገባሉ እንጂ።"

"ተመስገን በይ ልጄ" አልኳት። "ሳያንኳኩ መግባት የጤነኛ አማት ነው። የሚያስፈራው ሳያንኳኩ ሲወጡ ነው።"